ጥላ ቆጣሪና የቀትር እባብ

መነጽር ሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ሰፈሩን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ አንገቱን የሚደፋ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ደንበኛው የማይታየውን ፊደል በግምት እየጠራ ሲዋሸው እንኳ «ግድ የለም፣ እንደገና እንሞክር» የሚል ልዝብ ሰው ነው። በተለይ አማቱ ባሉበት ክፍል እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አያውቅም። ስልኩን ሲያነሳ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ሌላው ሰው የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲሆን፣ እሱ ተገልብጦ የቤት አልጋ የውጭ ቀጋ ሆኖ ነበር።

ስልኩ ውስጥ «የአመድ ደሴቶች» የተባለ ተከታታይ ልብ ወለድ አንባቢዎች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ አለ። እስካሁን የወጡት መጻሕፍት አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የጡብ ያህል ይከብዳሉ። አምስተኛውና የመጨረሻው «ዘንድሮ ይወጣል» መባል ከጀመረ ሰንብቷል። ታሪኩ አስማተኞች ስለሚኖሩባቸው ደሴቶች ነው። በዚያ ዓለም አስማት የሚሠራው በጥላ ነው። አስማተኛው ጥላውን ከእግሩ ሥር ነቅሎ ይልከዋል፣ ጥላው ሄዶ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ እስኪመለስ ድረስ ግን ባለቤቱ እንደማንኛውም ሰው ነው። ጥላ የሌለው አስማት የለውም። ደራሲው ይህን ሕግ በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ በማያሻማ ቋንቋ አስቀምጦታል።

ጣጣው ያለው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እዚያ አንዲት ስም ያልተሰጣት ጀልባ ቀዛፊ ብቅ ትልና በእሳት የተያያዘ መርከብ በአንድ ቃል አጥፍታ ትሄዳለች። ይህን ያደረገችው ደግሞ ልክ በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የማንም ጥላ በማይታይበት ሰዓት ነው። ታዲያ በማን ጥላ? ስለዚህች አንድ ገጽ በግሩፑ የተጻፈው ቢታተም ከአራቱም መጻሕፍት ይወፍራል። ሴትየዋ ሴት ሳትሆን ባሕሩ ራሱ ናት ያለም አለ፤ መርከቡ መጀመሪያውኑ አልተቃጠለም ያለም አለ።

በዚህ ሁሉ መሃል የመነጽር ሠሪው ቃል ሚዛን ይደፋ ነበር። በግሩፑ ስሙ «ጥላ ቆጣሪ» ነው። የእሱ መላምት፣ ሴትየዋ መንታ ሆና ተወልዳ የሞተችውን እኅቷን ጥላ ወርሳለች የሚል ነው። ማስረጃው ብዙ ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ «እንደ ሁለት ሰው ቆመች» ተብሎላታል። በአራተኛው አንድ ባለ ማደሪያ ቤት ብቻዋን ለገባችው ሴት ሁለት ኩባያ ያቀርብላታል። አንባቢው ሁሉ ኩባያውን ዘሎት ሲያልፍ የያዘው እሱ ነው። ስለዚያ ኩባያ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፣ ይላሉ ለሚስቱ ሲያወራ የሰሙት።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። መጻሕፍቱን አንብባቸው አታውቅም፤ ለማንበብም ሐሳብ የላትም። ምሳ ሰዓት ላይ ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ስለ ጥላ የሚያወራውን አንደኛው ጆሮዋ ለሌላው ያቀብለዋል። ከእነሱ ጋር ማዕድ የሚቀመጡት እናቷ፣ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ያሳለፉ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጥተው ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ልጃቸው ለምና ወደ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ዛሬ ልጅ አድርሰው እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። አማችና አማት «እርስዎ» ተባብለው፣ ሳህን ተቀባብለው፣ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ በሰላም ይኖሩ ነበር። ዳይሬክተሯ ዓይናቸው ለንባብ ሲያስቸግራቸው መነጽር የሠራላቸውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያልተነበበ ነገር አልቀረም፤ በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳይቀር ዘልቀው አነበቧት።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ግሩፑ ውስጥ «የቀትር እባብ» የሚባል ሰው ገባ። ሰላምታ እንኳ አላቀረበም።

«ጥላ ቆጣሪ ሆይ» ብሎ ጻፈ፣ «መቁጠሩን ትችልበታለህ፤ ማንበብ ግን ማንም አላስተማረህም። በቀትር ጥላ አይጠፋም። እግር ሥር ይገባል። ሴትየዋ ጥላዋን ረግጣው ነው የቆመችው። አንተ ሩቅ ሩቅ ስትመለከት፣ መቃብር ድረስ ሄደህ እኅት ስትቆፍርላት፣ ነገሩ ከጫማዋ በታች ነበር።»

መነጽር ሠሪው ይህን ያነበበው ሌንስ እየሞረደ ነበርና ሌንሱ ከሚገባው በላይ ተሞርዶ ተበላሸ። እንዲህ ደፍሮ የተናገረው ሰው አልነበረም። መልሱን ጻፈ፣ አጠፋው፣ ደግሞ ጻፈው። ዞሮ ዞሮ የላከው «አንተ ደረቅ፣ ጭንቅላትህን ጥላ እንዳያርፍበት ለሰው አከራየኸው እንዴ?» የሚል ነበር። ምን ለማለት እንደፈለገ እሱም በቅጡ አላወቀውም፤ ግን ግሩፑ ሳቀ፣ እሱም አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነት ሆነ። አንዱ ገጽ ሲጠቅስ ሌላው ምዕራፍ ይጠቅሳል። እባቡ ሁለቱን ኩባያ «አንዱ የውሃ፣ አንዱ የወይን ነው፤ ሁለት ኩባያ ባለበት ሁሉ መንታ ካለ አንተ ቤት ስንት መንታ አለ?» ብሎ አላገጠበት። እሱም «አንተ ግም»፣ «አንተ ከይሲ»፣ «አንተ በስምህ የምትሳብ» እያለ መለሰ። የግሩፑ አባላት ሥራቸውን ትተው ዳር ይዘው ያዩ ጀመር። መነጽር ሠሪው ደግሞ በየምሳው ስለዚያ ጋጠ ወጥ ለሚስቱ ያማርራል። ሚስቱ «እሺ» ትላለች። አማቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አይ የሰው ክፋት! ልጄ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ደምዎን አያፍሉ» ይሉና ጨው ያቀብሉታል።

አንድ ማለዳ እባቡ መንታነትን ተራ የሕፃን ተረት ብሎ ሲያጣጥልበት ትዕግሥቱ አለቀና እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «አንተ ዕድሜ ልክህን ማንም ፊት ለፊት 'ተሳስተሃል' ብሎህ የማያውቅ ሰው መሆን አለብህ። ያሳዝናል።» ልኮም ሱቁን ከፈተ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ነበሩ። የዓይን መመርመሪያው መሣሪያ ላይ አገጫቸውን አስደግፎ፣ ሌንስ እየቀያየረ «አሁን የቱ ይሻላል? ይሄ ወይስ ይሄ?» እያለ ሳለ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብሎ አየው። እባቡ ሁለተኛውን መጽሐፍ ገልጦ ፎቶ አንስቶ ልኳል። «ረግጣ» የምትለዋ ቃል ተሰምሮባታል። ገጹ እንዳይታጠፍ ደግሞ መነጽር ተጭኖበታል።

መነጽር ሠሪው ገጹን አላየም። መነጽሩን አየ። ጥቁር ፍሬም፣ የግራው ማጠፊያ ላይ ቢጫ ብሎን። ጥቁር ብሎን ስላለቀበት «ለጊዜው ይቺን አስሬልዎታለሁ፣ ጥቁሩ ሲመጣ እቀይረዋለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ያሰራት፣ ከዚያም የረሳት ብሎን ናት። ክው አለ።

«የኔ ወንድም፣ የትኛውን ነው የጠየቁኝ?» አሉ ነጋዴዋ፣ አገጫቸውን ሳያነሱ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ሌንሱን አልቀየረም ነበር።

ደንበኛዋን በሌላ ቀን ይምጡ ብሎ ሸኛቸውና ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሳበ አነበበ። «አንተ ደረቅ።» አማቱን። «አንተ ግም።» ሳህን በሁለት እጁ የሚያቀብላቸውን ሴት። «እናትህ ፊደል ሳታስቆጥርህ ነው የለቀቀችህ» ያለበትም ነበር፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ማን የማንን እናት እንደሰደበ ግራ ገብቶት ስልኩን ደፋው።

ለሚስቱ ከመንገር ሌላ መውጫ አልነበረውም። ፋርማሲው ድረስ ሄዶ ነገራት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ መጋዘኑ ሮጠች፤ መነጽር ሠሪው እያለቀሰች መስሎት ተከትሏት ቢገባ በመድኃኒት ካርቶኖች መሃል ተንበርክካ በሳቅ ትፈርሳለች።

«ይሄን ሁሉ ወር» አለች ትንፋሿን ስታገኝ፣ «እናቴን ነው 'አንተ ከይሲ' ስትል የከረምከው?»

ምን ላድርግ ቢላት፣ ዝም በል አለችው። እናቷ እሱ መሆኑን ካላወቁ የሞተውን መቀስቀስ ምን ይሠራል? ውሎ አድሮ ይረሳል። ምክሯ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ሰው ያደገበትን አይተውምና እጁ ሌላ ነገር ጻፈ። በማግሥቱ ግሩፑ ላይ የታየው መልእክት ይህ ነበር፦ «የተከበሩ የቀትር እባብ፣ እርስዎ ያነሱት ነጥብ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ጥላው እግሯ ሥር ሊሆን እንደሚችል አሁን ተገንዝቤአለሁ።»

ግሩፑ ግራ ተጋባ። አንዱ ስልኩ ተሰርቋል አለ። ሌላው መታመሙን ጠረጠረና ቤተሰቡን የሚያውቅ ካለ እንዲያጣራ ጠየቀ። እባቡ ለመቆስቆስ ያህል «ምነው፣ መንታዋ ሞተችብህ?» ብሎ ጻፈ፤ ጥላ ቆጣሪ «ልክ ብለዋል» ብሎ መለሰ። እባቡ ሆን ብሎ ስህተት ጻፈ፣ የመርከቡን ስም ቀየረው። ጥላ ቆጣሪ «እንዳሉት ነው» አለ። አዲስ መንታ፣ አዲስ ኩባያ፣ አዲስ ስድብ ቢጠበቅም ምንም አልመጣም። ግሩፑም ደስታውን አጣ፤ ሰው እየቀነሰ ሄደ።

ቤት ውስጥም ነገር ተበላሸ። ዳይሬክተሯ ምግብ ቀነሱ። ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ፤ መነጽራቸው ከእጃቸው አይወጣም፣ ዓይናቸው ላይ ግን አያደርጉትም። ልጃቸው የደም ግፊት ለካች፣ ስኳር ለካች፣ ሁሉም ደህና ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ ወንድ ልጃቸው ቤት ሄደው ትንሽ ጊዜ መክረም እንደሚፈልጉ በትሕትና አስታወቁ። መነጽር ሠሪው ማንኪያው አፉ ድረስ ሄዶ ቀረ። እንዲቀሩ ለመናቸው። ስላስቸገርንዎት ይቅር ይበሉን አለ። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁና «ማን አስቸገረኝ?» አሉ፣ ይበልጥ እያዘኑ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ብቻቸውን ሱቁ መጡ። ደንበኛ አልነበረም። የመመርመሪያው ወንበር ላይ፣ ከፊደሎቹ ሰሌዳ ትይዩ ተቀመጡ። እሱ ወዲያው መነጽሩ ችግር እንዳለው ጠየቀ፤ ብሎኑን አሁኑኑ እቀይራለሁ ብሎ መሳቢያ ከፈተ።

«ብሎኑ ይቆይ» አሉት። «ለብሎን አይደለም የመጣሁት። አወቁ አይደል?»

መሳቢያውን ይዞ ቀረ። «እማማ፣ እኔ እኮ... እርስዎ መሆንዎን ባውቅ ኖሮ...»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። የትምህርት ቤት ደወል የተደወለ ያህል ነበር የተቀመጠው።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገሩት። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እንዴትስ አያውቁ፤ እያንዳንዱን መላምት ግሩፑ ከማየቱ በፊት ምሳ ላይ ይሰሙት የለም? መጻሕፍቱን ከመደርደሪያው አንስተው ያነበቡትም እሱ ስለሚያወራቸው ነው። አንብበው ሲጨርሱም ዝም አላሉም። አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ «ጥላው እግሯ ሥር ቢሆንስ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። እሱ አያስታውስም። ምን ብሎ እንደመለሰ ግን እሳቸው ያስታውሳሉ።

«'እውነትዎን ነው፣ እማማ' አሉኝ። ከዚያ ወዲያው ዞር ብለው ስለ መንታዋ ለልጄ ማውራትዎን ቀጠሉ።»

መነጽር ሠሪው ዓይኑን ወደ ፊደሎቹ ሰሌዳ አሸሸ።

«ልጄ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ «እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኑ 'እውነትዎን ነው' ይሉኝ ነበር። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይለኝ ነበር። ስለሚያምንበት አይደለም፣ ክርክር ስለሚሰለቸው ነው። አሁን ልጄ ትለኛለች፣ እርስዎም ይሉኛል። ሰው 'እውነትዎን ነው' ሲለኝ በሩን በፊቴ እንደሚዘጋው ነው የምሰማው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ሁለት መስመር ብጽፍ፣ አንድ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ገጽ ሲያገላብጥ ውሎ 'አንተ ደረቅ' አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያከበረኝ ሰው አልነበረም።»

«ሰደብኩዎት እኮ።»

«ሰደቡኝ። ስድብዎ ደግሞ ደካማ ነው፤ የጭንቅላት ኪራዩን እስካሁን አልተረዳሁትም። ክርክርዎ ግን ጥሩ ነበር። ኩባያውን ሳላስተውል አልፌው ነበር።» ይህን ሲሉ አንገታቸውን ትንሽ ሰበር አደረጉ። «አሁን እንደ ድሮዎ ይመለሱ። 'የተከበሩ እባብ' የሚሉኝ ከሆነ ሻንጣዬን አስሬአለሁ።»

ለመነጽር ሠሪው ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ደርሶበት አያውቅም። እሳቸው ከወጡ በኋላ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። «አንተ» ብሎ ጽፎ አጠፋው። «አንቺ» ቢል የባሰ ሆነበት። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ «አንተ ግብዝ! ጥላዋን ከረገጠችው እንዴት ነቅላ ትልከዋለች? በሕጉ መሠረት የተረገጠ ጥላ አይነቀልም፤ አንደኛው መጽሐፍ፣ የገበያው ምዕራፍ» ብሎ ላከ፤ ወዲያውም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መሳቢያው ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላባራም።

ቤት ሲገባ አማቱ ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ። ከተቀመጠበት ተነስቶ ሳህን ሲያቀብላቸው እንደ ወትሮው «ኧረ ይቀመጡ፣ አይድከሙ» አሉት። ሚስቱ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

በዚህ መልክ እንደገና ተጧጧፈ። ግሩፑም ነፍስ ዘራ። ዓመቱ እየተጋመሰ ሲሄድ ግን የማይታሰብ ነገር መጣ። ደራሲው በአንድ መድረክ ላይ ለአንባቢዎች ንባብ ሲያሰማ አንዱ ተነስቶ ስለ ጀልባ ቀዛፊዋ ጠየቀው። ቪዲዮው ለሁሉም ተዳረሰ። ደራሲው፣ ፂሙን እያሻሸ፣ «ቀትር ነበር እንዴ?» ይላል። «አላስተዋልኩትም። ስጽፈው ርቦኝ ይሆናል። በሚቀጥለው እትም 'ከሰዓት በኋላ' ተብሎ ይስተካከላል።»

ግሩፑ ለቅሶ ቤት ሆነ። አንዳንዱ መጻሕፍቱን ሊሸጥ አወጣቸው። መነጽር ሠሪው ቪዲዮውን ደጋግሞ አየና በቁጣ ጻፈ፤ ደራሲው የገዛ መጽሐፉን እንዳላነበበ፣ ቀትሩ ድንገተኛ ሊሆን እንደማይችል አብራራ። እሱ ልኮ ሳይጨርስ እባቡም ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። ጥላ ቆጣሪና የቀትር እባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ምሳ ላይ ተያይተው ሁለቱም አቀረቀሩ፤ የመስማማቱ ነገር ሁለቱንም አሳፈራቸው።

«ሰውዬው አላዋቂ ነው» አሉ ዳይሬክተሯ። «ሳያውቀው እውነቱን ጻፈ፣ አበቃ።»

መነጽር ሠሪው ማንኪያውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሳስተዋል፣ እማማ» አለ።

ሚስቱ ማኘኳን አቆመች። እሱ ራሱ ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ ለማወቅ ዞር ዞር አለ። ዳይሬክተሯ ግን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉና መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ።

«እስቲ ያስረዱኝ።»

አስረዳቸው። ደራሲው አላዋቂ ሳይሆን ውሸታም ነው፤ አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ መንታዋ ስለምትመጣ ምስጢሩን ለመደበቅ የረሳ መስሎ ነው። እሳቸው ሳቁበት፤ ቀጥለውም ነጥብ በነጥብ ያፈርሱት ጀመር። እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እርስዎ ደግሞ» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ሚስቱ ሳህኗን ይዛ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄደች። የዚያን ቀን ሱቁ ከሰዓት በኋላ አልተከፈተም። ነጋዴዋ መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ቆይተው ተመለሱ።

የተስተካከለው እትም ለገበያ ሲቀርብ መነጽር ሠሪው አንድ ቅጂ ገዝቶ አመጣ። ገጹን ገልጦ ፊታቸው አስቀመጠው። በእርግጥም «ከሰዓት በኋላ» ይላል። ዳይሬክተሯ ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው፣ በትምህርት ቤት ልማዳቸው ቃሏን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዟትና በላይዋ «በቀትር» ብለው ጻፉ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ «ተጠንቅቀህ ጻፍ» ብለው ለደራሲው አስተያየት ጨመሩ። አማቻቸው፣ እስክሪብቶው እጃቸው ላይ እያለ፣ «የእኅቷ ጥላ» ብሎ አጠገቡ ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ እጁን ቸብ አደረጉት።